የናዝሬት ጨረቃ ላይ የተከልነው ባንዲራ

በምኖርበት ኦኔ፣ ጄኔቭ ዳር፣ ሕንፃችን ምድር ቤት ውስጥ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ ቡዋንደሪ ይሉታል። የእኔ ተራ ሐሙስ ጠዋት ነው። ከሐሙስ ሌላ አንዲት ካልሲ እንኳ ይዤ ብወርድ፣ አራተኛ ፎቅ ያሉት መዳም በሩ ላይ የተለጠፈውን የተራ ወረቀት በጣታቸው እያሳዩ ያፈጡብኛል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ሐሙስ ገና በሩን ስከፍት የተቃጠለ ናይለን ሸተተኝ። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ማሊያ ሲተኩስ አሳርሮ ሄዷል። ያን ሽታ ከሌላው ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ለእኔ የባንዲራ ሽታ ነው። መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ትራም ውስጥ በነፃ የሚታደለው ጋዜጣ ተዘርግቶ ቀርቷል። በገጹ ላይ ነጭ ቱታ የለበሰ ሰው ጨረቃ ላይ ከተተከለ ባንዲራ አጠገብ ቆሟል። ልብሴ እስኪታጠብ ወንበር ስቤ በዚያች በምታነክስ ፈረንሳይኛዬ አነበብኩት። ሰዎች እንደገና ወደ ጨረቃ ሊሄዱ ነው አሉ፤ አዲስ ባንዲራም ይተክላሉ። የድሮዎቹን ግን ፀሐይ ቀለማቸውን በልታው እስካሁን ነጭ ጨርቅ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላል። ብቻዬን ሳቅሁ። ናይለን ነዋ! ይህን ለማወቅ ምን ምርምር ያስፈልጋል? እኔን ቢጠይቁኝ ያኔውኑ እነግራቸው ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሐይቁ ማዶ፣ የአንድ ሩቅ አገር አምባሳደር መኖሪያ ውስጥ ሠርቻለሁ። አምባሳደሮቹ ይቀያየራሉ፤ እኔና ካውያው ግን እዚያው ነበርን። ሁለት ባንዲራ ነበራቸው፤ ትልቁ ጣሪያው ላይ፣ ትንሹ መኪናው ላይ። ሁለቱንም የማጥበውም የምተኩሰውም እኔ ነበርኩ። ባንዲራ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፣ በጥላ ይሰጣል፣ ከላዩ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ ለብ ባለ ካውያ ይተኮሳል። ፀሐይ ላይ ከከረመ ቀዩ ነው ቀድሞ የሚሄደው። የሰው አገር ባንዲራ እንደዚያ ስንከባከብ ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ የመጨረሻው አምባሳደር ባለቤት አበባ ሰጡኝ፤ ያን የዲፕሎማት ሠራተኛ መታወቂያ ካርዴን መለስኩና በቃ። አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም። ቀኑን ሙሉ ከሰው ሳልነጋገር የምውልበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ሲሆን ትራም ውስጥ የሚቀጥለውን ፌርማታ በድምፅ ማጉያ የምትናገረዋን ሴት ድምፄን ዝቅ አድርጌ እሺ እላታለሁ። በዚህ አገር ያለኝ የሥጋ ዘመድ ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቲኮን የሚኖረው ወንድሜ ጋሼ ታምራትና ልጁ ሜሮን ብቻ ናቸው። ከጋሼ ጋር ደግሞ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገርንም ነበር።

የናዝሬት ልጆች ነን። ያን ጊዜ ናዝሬት የጋሪ ከተማ ነበረች፤ ጋሪዋ ከጣቢያው እስከ ገበያው በአሥር ሳንቲም ትወስዳለች፣ ባለጋሪው ከወደደህ ደግሞ ልጓሙን ያስይዝሃል። ፓስቲ አምስት ሳንቲም ነበር፤ በስኳር ከሆነ ስሙኒ ሁለት ሰው ያጠግባል። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት በነበረው ቡና ቤት ውስጥ ሳንቲም ሲጎርስ የሚዘፍን ሣጥን ነበረ፤ እኛ ልጆቹ ሳንቲም ስለሌለን መስኮቱ ሥር ተቀምጠን ሌላ ሰው እስኪያጎርሰው እንጠብቃለን። አባታችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው መኪናቸውን ሲረግጡ ከእግራቸው ሥር የሚወድቀው ብጥስጣሽ የእኔ ነበር። ጋሼ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ካኪ ቁምጣው ሁልጊዜ ተተኩሶ ነው የሚታየው፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤታችን ባንዲራ ሰቃይ እሱ ነበር። በየጠዋቱ ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ ሲዘምር ገመዱን ቀስ እያደረገ የሚስበው እሱ ነው። መዝሙሩ ሲያልቅ ባንዲራው ከጫፍ ይደርሳል፤ አንዲት ጊዜ እንኳ ቀድሞ ወይ ዘግይቶ አያውቅም። ከቤት ሲወጣ እጁን በሳሙና ሁለቴ ይታጠባል። እናታችን፦ «ይኼ ልጅ ሊቀድስ ነው እንዴ የሚሄደው?» ትለው ነበር።

ሰው ጨረቃ ላይ መውጣቱን የሰማነው በክረምት ነው፣ ቡና ቤቱ መስኮት ሥር፣ ከራዲዮ። አባታችን አላመኑም፤ «እዚያ ድረስ ምን አስኬዳቸው? እዚህ ያለው መሬት አልበቃ ብሏቸው ነው?» አሉ። ጋሼን ግን ያስጨነቀው ሌላ ነበር። ሄደው ባንዲራ ተከሉ ሲባል ሰምቷል፤ ጨረቃ ላይ ነፋስ የለም ሲባልም ሰምቷል። ታዲያ ነፋስ ከሌለ ባንዲራው እንዴት ተዘረጋ? አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ሦስት ቀን አሰበበትና «ሽቦ ነው፤ ከላይ ሽቦ አስገብተውበት ነው» አለኝ። ከዚያ እኛም እንትከል ተባለ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ሣር የማያበቅል ጉብታ አለ፤ ድንጋዩ ነጣ ያለ፣ ውኃ ላይ ሲጥሉት የሚንሳፈፍ። ጋሼ ስሙን ጨረቃ አለው፣ ሰፈሩም ተከተለው። ልብስ ሰፊዋ እኔ ሆንኩ። አረንጓዴው የግሪኩ ሆቴል ካራምቡላ ጠረጴዛ ሲጠገን የተረፈ ጨርቅ ነበር፣ ቢጫው የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ገበር፣ ቀዩ የቄስ ካባ ትራፊ ሐር። ጋሼ፦ «ከላይኛው ጠርዝ ሽቦ የሚገባበት እጥፋት አድርጊለት» ብሎኝ ሄደ። የካራምቡላው ጨርቅ ግን ወፍራም ነው፤ መርፌዬን ሁለት ጊዜ ሰበረው። ቀዩ ሐር ለስላሳ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ደከመኝ። እጥፋቱን በቀዩ በኩል ሰፋሁት።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወጣን። ጋሼ ከአባባ ካፖርት ማንጠልጠያ የፈታውን ሽቦ አስገባ፣ እንጨቱን በድንጋይ አጠበቀ፣ ወደ ኋላ ሄድ ብሎ አየው። ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች። ገመድ ሲስብ አንዲት ቀን ያልተሳሳተ ልጅ ነው። ፊቱን አየሁና ማልቀስ ጀመርኩ። መጣና በሻሽዬ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረገልኝ። «ምን ያስለቅስሻል?» አለኝ። «ጨረቃ ላይ እኮ ላይና ታች የለም።» ከዚያ ጨረቃ ላይ እንዳሉት ሰዎች ቀስ እያልን ስንዘል ዋልን። እስከ ዛሬ ድረስ በሕይወቴ ከዋልኳቸው ቀኖች የትኛውን ትመርጫለሽ ብባል ያቺን እሑድ እመርጣለሁ።

ማግስቱን ጠዋት መዝሙሩ እንዳለቀ ዲሬክተሩ አንድ የፖሊስ አሥር አለቃ ከጎናቸው አቁመው ወጡ። ባንዲራችን በአሥር አለቃው ብብት ሥር ነበር። ያ መንገድ ትላልቅ ሰዎች ወደ ሐረር የሚያልፉበት መንገድ መሆኑን እኛ ከየት እንወቅ! «የመንግሥት ባንዲራ ዘቅዝቆ አደባባይ ያሰጣ ማነው?» አሉ። እኔ ከሴቶቹ ሰልፍ ሦስተኛ ነበርኩ። ከፊቴ ካለችው ልጅ ኋላ ተደበቅሁ። ጋሼ ገመዱን እንደ ሁልጊዜው ሁለት ዙር አስሮ ጨረሰና ዞር አለ። «እኔ ነኝ።» ማንም ሊያምነው አልቻለም። «አንተ? ባንዲራ ሰቃዩ?» አሉት። «ተሳስቼ ነው» አለ። በተማሪው ሁሉ ፊት ስድስት ጊዜ በጉማሬ አለንጋ ገረፉት፤ ገመዱን ለሌላ ልጅ ሰጡበት። ወደ ቤት ስንገባ እናታችን ሸሚዙን አውልቃ ጀርባውን ቅቤ ስትቀባው አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። አፌን ልከፍት ስል ቀደመኝ፤ ወደ በሩ አየት አደረገና በሹክሹክታ፦ «ዝም በይ። እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ» አለኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ ገመድ አልያዘም፤ እጁንም ሁለቴ መታጠብ ተወ።

ዘመን መጣ፣ ዘመን ሄደ። ሁለታችንም በየበኩላችን በየት በየት ዞረን እዚህ አገር ደረስን፤ እኔ ጄኔቭ የሰው ባንዲራ ስተኩስ፣ እሱ ዲቲኮን መጋዘን ውስጥ የሰው ካርቶን ሲደረድር። ሚስቱ ሜሮን ትንሽ ሳለች ሞተችበት። ልጅቷ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር እኔ ዘንድ እየመጣች ነው ያደገችው፤ ስለዚህ ስትዳር አዳራሹን የማስጌጥ መብት የእኔ ነው ብዬ ተነሣሁ። ዙሪክ ውስጥ የተከራየነው አዳራሽ ገብቼ፣ ከሙሽሮቹ ወንበር ኋላ፣ ከጄኔቭ ድረስ ተኩሼ እጥፋቱ እንዳይበላሽ በባቡር ጭኔ ላይ ያመጣሁትን ባንዲራ ሰቀልኩ። አገሬን የሚያውቅ አንባቢ የሚከተለውን ያውቀዋል። መሐሉ ላይ ነገር ያለበት ባንዲራ አለ፣ መሐሉ ላይ ነገር የሌለበት ባንዲራ አለ። የትኛው የእኔ፣ የትኛው የእሱ እንደነበር አልጽፍም፤ ብጽፈው ግማሻችሁ ከእኔ፣ ግማሻችሁ ከእሱ ጋር ተሰልፋችሁ ዋናውን ነገር ትረሱብኛላችሁ።

ጋሼ አዲስ ሱፉን ለብሶ፣ የራሱን ባንዲራ አጣጥፎ ይዞ ገባ። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ።

«ስንዱ፣ ይኼን አውርጂው» አለኝ።

«ለምንድነው የማወርደው?»

«በልጄ ሠርግ ይኼ አይሰቀልም። አውርጂው አልኩሽ።»

እንግዳው ሁሉ ዞሮ ያየን ጀመር። ከጄኔቭ አብረውኝ የመጡት ሴቶች አሉ፣ የእሱ ጓደኞች አሉ፣ ማይክሮፎን የያዘው ዝግጅት መሪ አለ። ንዴቱ ራሴ ላይ ወጣ። ወደ ሰዉ ዞርኩና፦ «እናንተ፣ ስሙልኝ እስቲ! ስለ ባንዲራ የሚያስተምረኝ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በልጅነቱ ባንዲራ ዘቅዝቆ ሰቅሎ፣ በፖሊስ የተገረፈ ሰው ነው!» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማይክሮፎን የያዘው ደግሞ ያልሰማ እንዳይኖር ደገመላቸው። ጋሼ አየኝ። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። «የሰፋችው እሷ ናት» ቢል እኔ ነበርኩ የሚሳቅብኝ። አላለም። ባንዲራውን በብብቱ ይዞ ከኋላ ረድፍ ሄዶ ተቀመጠ፤ እኔም አፍሬ የእኔን አወረድኩ። የሜሮን የሠርግ ፎቶ ላይ ከራሷ በላይ ባዶ ግድግዳና ሁለት ምስማር ነው የሚታየው። በኋላ እንደሰማሁት የዙሪክ አበሻ «ዘቅዝቄ» የሚል ስም አወጣለት። በቀልድ ነው ይላሉ። እሱ ግን ማኅበሩንም፣ እንቁጣጣሹንም፣ የሰው ሠርግም ተወ። እኔም ለእሱም ሆነ ለሜሮን አልደወልኩም። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ ከዚያ ይደውል ብዬ ጠበቅሁ፣ ከዚያ ማፈሩ በረታብኝና ስልኩን ባየሁት ቁጥር ፊቴን ወደ ሌላ አዞር ጀመር። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለቀ።

ያን ሐሙስ ልብሴን ማሽኑ ውስጥ ትቼ ወደ ቤቴ ወጣሁና ለሜሮን ደወልኩ።

«አክስቴ? አንቺ ነሽ?» አለች። አለቀሰች። ከዚያ በዚያች ጀርመንኛ በተቀየጠች አማርኛዋ፦ «ፓፒ ደህና ነው። ማለቴ ደህና አይደለም። ይረሳል። ዶክተሩ ዴሜንስ ነው አለ። ግን ሁሌ ጋርተን ይሄዳል፣ ቲማቲም አለው» አለችኝ።

«ስለ እኔ ያነሣል?»

«ሁሌ! "ስንዱ ከትምህርት ቤት መጣች ወይ?" ይለኛል።»

ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የዚያን ባንዲራ እውነት የምናውቅ በዓለም ላይ እኔና እሱ ብቻ ነን። እሱ ከረሳው፣ ይቅርታ የምጠይቀውን ሰው አጣሁት ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተሳፈርኩ። ሐይቁን እስክንለቅ ድረስ የቀን ጨረቃ፣ ውኃ ብዙ ጊዜ እንደመታው ጨርቅ ስስ ሆና፣ በመስኮቱ በኩል ተከተለችኝ። ዙሪክ ወርጄ ወደ ዲቲኮን የሚወስደውን ባቡር ያዝኩ። ሐዲዱን ተከትለው አትክልት የሚተክሉባቸው ቁራሽ ቁራሽ ቦታዎች አሉ፤ ሰው ሁሉ ትንሽ ጎጆ ሠርቶ፣ ሰላጣውን ተክሎ፣ ከመሐሉ የአገሩን ባንዲራ አቁሟል። የፖርቱጋል፣ የጣሊያን፣ የኮሶቮ፣ የስዊስም። ሁሉም በአንድ ክንድ መሬት ላይ እዚህ ነኝ ይላል። ሜሮን ከጣቢያው ተቀብላኝ ከአንዱ አጥር በር ላይ አደረሰችኝና «ብቻችሁን ሁኑ» ብላ ተመለሰች።

ጋሼ ገለባ ባርኔጣ አድርጎ ቲማቲሙን ከእንጨት ጋር ያስራል። ከስቷል። ከጎጆው አጠገብ ባንዲራ ቆሟል፤ ነፋስ አልነበረም፣ ግን ተዘርግቷል። ቀረብ ብዬ የላይኛውን ጠርዝ ዳሰስኩት፤ ሽቦ አለው። ፀሐይ በልታው ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረውም። መሐሉ ላይ ነገር ይኑረው አይኑረው እኔ እንኳ፣ ዕድሜዬን ባንዲራ ስተኩስ የኖርኩት፣ መለየት አልቻልኩም። ከላይ ግን አረንጓዴ ጭላንጭል ይታያል። ትክክል ነበር የሰቀለው።

«ስንዱ» አለ፣ ዞር ሳይል፣ ትናንት እንደተለያየን። «ምነው ቆየሽ?»

የምቀመጥበት ስላጣሁ አንድ ባልዲ ደፍቼ ተቀመጥኩ። ጋዜጣውን አወጣሁለት። «ጋሼ፣ ጨረቃ ላይ የተከሉት ባንዲራ ነጭ ሆኗል አሉ።»

ፎቶውን ከዓይኑ አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አየው። «ሽቦ አስገብተውበታል» አለ።

«አዎ። አንተ እንዳልከው።»

«አላልኩሽም?» ብሎ ሳቀ። ጥርሶቹ ጥቂት ቀርተዋል፤ ሳቁ ግን ያው ነው።

«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ። ያን ቀን ሠርጉ ላይ ሰው ፊት ዋሽቼብሃለሁ።»

«የማን ሠርግ?»

«የሜሮን።»

እጁ ገመዱ ላይ እንዳለ ቆመ። ፊቱ በራ። «ሜሮን ልታገባ ነው? ምነው ሳትነግሩኝ?»

ዘጠኝ ዓመት የተሸከምኩትን የማወርድበት ቦታ አልነበረም። እሱ ጋ ያ ቀን የለም። አልቻልኩም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንባዬ እየወረደ፦ «ያን ባንዲራ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ! የካራምቡላው ጨርቅ ወፍሮብኝ የዘቀዘቅሁት እኔ ነኝ። የተገረፍከው በእኔ ነው!» አልኩት።

ከጎረቤት ቲማቲሙን ያጠጣ የነበረው ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ቀና አለ። ጋሼ ደንግጦ ሰውየውን አየና አፈር በነካው እጁ እጄን ጨመደደ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ዝም በይ! ይሰሙሻል» አለኝ። «እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ።»

እስኪመሽ ሳልጠብቅ ተመለስኩ። ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ወጣት ሳትናገር የወረቀት መሐረብ ሰጠችኝ። አሁን ይህን የምጽፈው ኦኔ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ሐሙስ ነው፣ ልብሴ ከታች ይታጠባል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ዲቲኮን እሄዳለሁ። ቲማቲም አብረን እናስራለን፤ እሱም በየሳምንቱ ለምን እንደቆየሁ ይጠይቀኛል። ያን ነገር ዳግመኛ አላነሣሁበትም፤ ያስፈራዋል። ዝም በይ ብሎኛልና እሱ ፊት ዝም እላለሁ።

እናንተ ግን፣ ያን ቀን ዙሪክ አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ የሳቃችሁ፣ «ዘቅዝቄ» ያላችሁት፣ ማይክሮፎን ይዘህ የደገምክላቸውም፣ ስሙኝ። ወንድሜ ታምራት በሕይወቱ አንድም ባንዲራ ዘቅዝቆ አያውቅም። እኔ ነኝ።